"ኮምፒውተሩ አይችልም" የሚለው የቨርቹዋል ማሽን መልእክት ምን ያህል እውነት ነው?

በውጭ አገር ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ከሠላሳ ዓመት በፊት በኮምፒውተር የጻፋቸው ቃለ ጉባኤዎች፣ የአባላት መዝገቦች እና መጽሔቶች ዛሬ በቀላሉ ላይከፈቱ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላቱን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ፋይል በአዲስ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይገጥሙታል።

ፕሮግራሞቹ ራሳቸውም አርጅተዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለነበረው ባለ16 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በዛሬው ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። የጎደለው ፎንቱ ብቻ ከሆነ እርሱን አፈላልጎ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ መጫን ሊበቃ ይችላል፤ መጀመሪያ መሞከር ያለበትም ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አንዱ አስተማማኝ መንገድ አሮጌውን ዊንዶውስ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ማስነሳት ነው። ይህ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል።

ቨርቹዋል ማሽን በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል። የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ዲስክ እና የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ሲሆን፣ ለባለቤቱ የሚታየው ግን እንደ አንድ መስኮት ነው። ጥቅሙ አሮጌ ሰነድ በመክፈት አያበቃም። የሳይበር ደኅንነት ወይም የኔትወርክ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች የሚለማመዱት፣ የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚፈትሹት፣ ሊኑክስን ለማየት የሚጓጉም ዊንዶውሳቸውን ሳይነኩ የሚሞክሩት በዚሁ ነው። እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያሉ ለዚህ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ፕሮግራሙን ጭኖ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን አዘጋጅቶ የማስጀመሪያውን ምልክት የተጫነ ሰው ታዲያ በተደጋጋሚ የሚገጥመው አንድ ዓይነት መልእክት አለ። "ቪቲ-ኤክስ አልተገኘም" ይላል፤ ወይም "ኤኤምዲ-ቪ ተዘግቷል"፤ ወይም በጥቅሉ "ይህ ኮምፒውተር የሃርድዌር ቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ የለውም"። ይህን ያነበበ ሰው ኮምፒውተሩ አርጅቷል ብሎ ሌላ ለመግዛት ይነሳል። አለዚያም ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ምክር ተከትሎ የዊንዶውስን የደኅንነት መከላከያዎች አንድ በአንድ ያጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ከመልእክቱ ጀርባ ያሉት ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ድጋፉ የሌለው ሊሆን ይችላል። ድጋፉ ኖሮት በአምራቹ ወይም በቀድሞው ባለቤት የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ወይም ድጋፉ ክፍት ሆኖ ሌላ ሶፍትዌር ቀድሞ ይዞት ይሆናል። የሦስቱም መፍትሔ የተለያየ ስለሆነ ገንዘብ ከማውጣትም ሆነ ማስተካከያ ከመነካካት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ፕሮሰሰሩ የሚሰጠው ድጋፍ ምንድን ነው?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራው ኮምፒውተሩን ብቻውን እንዲያዝ ታስቦ ነው። ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው፣ ዲስኩን የሚቆጣጠረው፣ ለፕሮግራሞች ተራ የሚሰጠው እርሱ ነው። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለው አሮጌ ዊንዶውስም የቤቱ ባለቤት የሆነ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ተከራይ ነው። ስለዚህ የባለቤትነት ትእዛዝ በሰጠ ቁጥር ሌላ ሶፍትዌር ትእዛዙን ተቀብሎ፣ ተከራዩ ሳያውቅ፣ የቀረውን ኮምፒውተር በማይጎዳ መንገድ ሊፈጽምለት ይገባል። ይህን የሚያደርገው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ጄራልድ ፖፔክ እና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራ አንድ ፕሮሰሰር ምን ማሟላት እንዳለበት በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ አስቀምጠዋል። በአጭሩ፣ የማሽኑን ሁኔታ የሚነካ ትእዛዝ ሥልጣን በሌለው ፕሮግራም ሲሰጥ ፕሮሰሰሩ ቆም ብሎ ለበላዩ ማሳወቅ አለበት። አብዛኞቹ የግል ኮምፒውተሮች የተሠሩበት የኢንቴል ንድፍ ግን ይህን አያሟላም ነበር። ከትእዛዞቹ አንዳንዶቹ ሥልጣን በሌለው ፕሮግራም ሲሰጡ ለማንም ሳያሳውቁ በዝምታ ይታለፋሉ ወይም የተሳሳተ ውጤት ይመልሳሉ።

ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 ባወጣው ምርት ችግሩን በሶፍትዌር ብልሃት አለፈው፤ አስቸጋሪዎቹን ትእዛዞች ከመፈጸማቸው በፊት እየፈለገ በሌላ ይተካቸው ነበር። ከዚያ ኢንቴል በ2005 ቪቲ-ኤክስ፣ ተፎካካሪው ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 ኤኤምዲ-ቪ የተባሉትን ማሻሻያዎች በፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ጨመሩ። በመልእክቱ ላይ የሚነበቡት ስሞች የእነዚህ ናቸው። ቨርቹዋልቦክስ በ2019 መጨረሻ ባወጣው 6.1 በተባለው እትሙ የቀድሞውን የሶፍትዌር ዘዴ ጨርሶ አስቀረ። "ባለ32 ቢት ዊንዶውስ ያለ ፕሮሰሰሩ ድጋፍ ይነሳል" የሚል የቆየ መመሪያ ይዞ የሚሞክር ሰው የማይሳካለትም በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፉት አሥር ዓመታት ከተሠሩት የኢንቴልና የኤኤምዲ ላፕቶፖች መካከል ይህ ድጋፍ የሌለው ማግኘት ብርቅ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት፣ በተለይም በርካሽ በተሸጡት ላይ፣ ላይኖር ይችላል። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና ቁጥር ይዞ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ቁርጡን ይነግራል። እዚያ ላይ ድጋፉ የለም ከተባለ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ሌላ ኮምፒውተር መፈለግ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ቦታ

በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን ይከፈታል። "ፐርፎርማንስ" በሚለው ክፍል "ሲፒዩ" የሚለው ሲመረጥ ከሥር ከሚታዩት ዝርዝሮች መካከል "ቨርቹዋላይዜሽን" የሚል መስመር አለ። ከጎኑ "ዲስኤብልድ" የሚል ከተነበበ ድጋፉ ተዘግቷል። "ኢኔብልድ" የሚል ከሆነ ደግሞ በሩ ክፍት ነው፤ ያኔ የሚጠረጠረው ሌላ ሶፍትዌር ነው።

ብዙዎች ይህን መስመር ሳያዩ በቀጥታ ወደ ባዮስ ይሄዳሉ። የሃያ ሴኮንድ ሥራ የሰዓታትን ድካም ያስቀራል።

ሌላም ጠቋሚ አለ። በቨርቹዋልቦክስ ላይ አዲስ ማሽን ሲዘጋጅ ከሚቀርቡት ምርጫዎች ውስጥ ባለ32 ቢት የሆኑት ብቻ ከታዩና ባለ64 ቢቶቹ ከጠፉ፣ ፕሮግራሙ የፕሮሰሰሩን ድጋፍ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው።

የተቆለፈው በር

ድጋፉ ተዘግቶ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ሊከፍተው አይችልም። ብዙዎች በዊንዶውስ ማስተካከያዎች ውስጥ መክፈቻውን ፈልገው የሚያጡት ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከማንኛውም ነገር በፊት የሚነሳው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ባዮስ ወይም በአዲሶቹ ላይ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ ሶፍትዌር ድጋፉ ይፈቀድ ወይም ይከልከል የሚለውን በአንዲት ትንሽ መዝገብ ላይ ይጽፍና መዝገቧን ይቆልፋታል። ቁልፉ ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ አይከፈትም። በኤኤምዲም ተመሳሳይ መቆለፊያ አለ።

ቁልፉ ያለ ምክንያት የተቀመጠ አይደለም። ዮአና ሩትኮቭስካ የተባለች ፖላንዳዊት የደኅንነት ተመራማሪ በ2006 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደው ብላክ ሃት ጉባኤ ላይ "ብሉ ፒል" የሚል ስም የሰጠችውን ፕሮግራም አሳይታለች። ፕሮግራሙ የኤኤምዲን አዲስ ድጋፍ ተጠቅሞ፣ እየሠራ ያለውን ዊንዶውስ ሳያውቀው ወደ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያስገባው ነበር። ባለቤቱ ሲከራይ እንኳ አልሰማም እንደ ማለት ነው። ድጋፉን ተዘግቶ መሸጥ በዚያ ዘመን እንደ ጥንቃቄ የሚታይ ነበር፤ ልማዱም በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ቀጥሏል።

ወደ ባዮስ ከመግባት በፊት ግን አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። በብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ባለቤቱ ባያውቀውም ቢትሎከር በተባለው ዘዴ የተመሰጠረ ነው። በባዮስ ላይ የሚደረጉ አንዳንድ ለውጦች ዊንዶውስን ያስጠረጥሩታል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ 48 አሃዝ ያለው መልሶ ማግኛ ቁልፍ ካልገባለት አልከፈትም ይላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ላፕቶፑ መጀመሪያ በተዘጋጀበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ያዘጋጀው ዘመድ ወይም የሱቅ ሠራተኛ ከሆነና አካውንቱ የእርሱ ከሆነ ፎቶግራፎቹም ሰነዶቹም ተቆልፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቁልፉን አስቀድሞ አግኝቶ በወረቀት መጻፍ ከሁሉ ይቀድማል። ቁልፉ ሳይገኝ ባዮስ መንካት ተገቢ አይደለም።

ወደ ባዮስ የሚገባው ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ነው። በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ1፣ በብዙ ዴስክቶፖች ደግሞ ዲሊት የሚለው ቁልፍ ነው። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች በፍጥነት ስለሚነሱ ጊዜው ካመለጠ ሌላ መንገድ አለ። በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ "ሲስተም"፣ ከዚያ "ሪከቨሪ" በሚለው ሥር "አድቫንስድ ስታርትአፕ" ይገኛል። ኮምፒውተሩ በዚያ በኩል ዳግም ሲነሳ "ትራብልሹት"፣ ቀጥሎም "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" ከሚለው ውስጥ "ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ" የሚለውን መምረጥ በቀጥታ ያስገባል።

ከገቡ በኋላ ስሙ ያምታታል። በኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ "ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ" ወይም "ቪቲ-ኤክስ"፣ በኤኤምዲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ "ኤስቪኤም ሞድ" ይባላል። የሚገኘውም በአንዱ ኮምፒውተር ላይ "አድቫንስድ"፣ በሌላው "ሴኩሪቲ"፣ በሦስተኛው "ሲፒዩ ኮንፊገሬሽን" በሚለው ገጽ ውስጥ ነው። "ቪቲ-ዲ" የሚለው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ቨርቹዋል ማሽኖች እንደ ግራፊክስ ካርድ ያሉ ዕቃዎችን በቀጥታ እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ነው። እርሱን ከፍቶ ዋናውን ዘግቶ የተወ ሰው ያው መልእክት ይጠብቀዋል።

ለውጡ ከተቀመጠ በኋላ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት፣ አሮጌ ከሆነም ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ጥቂት መጠበቅ ይመከራል። አንዳንዶቹ ለውጡን የሚቀበሉት እንዲህ ሲደረግ ብቻ ነው። ትናንት ይሠራ የነበረ ቨርቹዋል ማሽን ዛሬ አልነሳም ካለ ደግሞ ባዮሱ በቅርቡ ታድሶ ማስተካከያዎቹ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ተመልሰው ሊሆን ይችላል። ሰዓቱና ቀኑ በተነሳ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ማስተካከያውም አብሮ ይጠፋል።

በሩ ተከፍቶ መልእክቱ ሲቀጥል

ከሁሉ የበለጠ ሰውን የሚያደናግረው ይህ ነው። በታስክ ማናጀር ላይ ድጋፉ ክፍት ነው ይላል፤ ባዮሱም እንዲሁ። ቨርቹዋልቦክስ ወይም ሌላው ፕሮግራም ግን "ቪቲ-ኤክስ የለም" ማለቱን አይተውም።

ምክንያቱ ማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ የተባለ የራሱ ሃይፐርቫይዘር ያለው መሆኑ ነው። ሃይፐር-ቪ ሥራ ሲጀምር በዊንዶውስ ላይ የሚጫን ተራ ፕሮግራም ሆኖ አይደለም። እርሱ ከሥር ገብቶ ፕሮሰሰሩን ይይዝና ዊንዶውስ ራሱ በእርሱ ላይ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን "ድጋፉ አለህ?" ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው በቀጥታ ለፕሮሰሰሩ አይደርስም። ሃይፐር-ቪ እንደ እልፍኝ አስከልካይ በር ላይ ቆሞ "የለም" ብሎ ይመልሳል። ቨርቹዋልቦክስም የተነገረውን ያምናል። መልእክቱ ድጋፉ የለም ሲል ኮምፒውተሩን እየገለጸ አይደለም፤ የተሰጠውን መልስ እየደገመ ነው።

ባለቤቱ "ሃይፐር-ቪ የሚባል ነገር ጭኜ አላውቅም" ቢል ትክክል ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያሠራው ደብሊውኤስኤል 2 የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ዊንዶውስ ሳንድቦክስም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ሜሞሪ ኢንተግሪቲ" የተባለው የደኅንነት መከላከያ በብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል። ይህ መከላከያ ወሳኝ የሆነውን የዊንዶውስ ክፍል በሃይፐርቫይዘር አማካይነት ለይቶ ያስቀምጣል። ዓላማው በሐሰተኛ ወይም በተበላሸ ድራይቨር በኩል የሚገባ ጠላፊ እስከ ሥሩ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። "ሲስተም ኢንፎርሜሽን" የሚባለውን መስኮት የከፈተ ሰው ከታች "ሃይፐርቫይዘር ተገኝቷል" የሚል መስመር ካየ ነገሩ ይህ እንደሆነ ያውቃል።

ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚሰጠው ምክር ሁሉንም አጥፉ የሚል ነው። ምክሩ ይሠራል፤ ዋጋው ግን አይነገርም። የባንክ ሥራ በሚሠራበት፣ ገንዘብ ወደ አገር ቤት በሚላክበት፣ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ በተቀመጠበት ላፕቶፕ ላይ ይህን መከላከያ ማጥፋት ለአንድ አሮጌ ሰነድ የሚከፈል ተገቢ ዋጋ አይደለም።

መጀመሪያ መሞከር ያለበት ፕሮግራሙን ወደ አዲስ እትም ማሳደግ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ፣ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ከሃይፐር-ቪ ጋር አብረው የሚሠሩበት መንገድ አላቸው። በቨርቹዋልቦክስ መስኮት ታችኛው ጠርዝ ላይ አንዲት አረንጓዴ ኤሊ ከታየች ማሽኑ በሃይፐር-ቪ በኩል እየሠራ ነው። ኤሊዋ እንደምትናገረው ፍጥነቱ ይቀንሳል። የ1990ዎቹን ጽሑፍ ለመክፈት ግን የዛሬ ፕሮሰሰር በኤሊ እርምጃም ቢሆን ይበቃል።

ፍጥነቱ የግድ የሚያስፈልገው ሰው፣ ለምሳሌ ብዙ ማሽኖችን በአንድ ጊዜ የሚያስነሳ ተማሪ፣ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ራሱን ሃይፐር-ቪን መጠቀም ነው፤ በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል። ሁለተኛው "ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ" በሚለው መስኮት ውስጥ ሃይፐር-ቪን፣ "ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም" እና "ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም" የሚባሉትን ማጥፋት፣ ሜሞሪ ኢንተግሪቲንም መዝጋት ነው። ይህን ሁለተኛውን የግል ጉዳይ በማይሠራበት፣ ለልምምድ ብቻ በተለየ ኮምፒውተር ላይ ማድረግ ይሻላል።

ዊንዶውስ ባልሆኑት ላይ

በሊኑክስ ላይ ኤልኤስሲፒዩ የተባለው ትእዛዝ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር ሲያወጣ ቪቲ-ኤክስ ወይም ኤኤምዲ-ቪ መኖሩን ይናገራል። እዚያም ሽሚያ አለ፤ ሊኑክስ ኬቪኤም የተባለ የራሱ ሃይፐርቫይዘር ስላለው ቨርቹዋልቦክስ ተይዟል የሚል መልእክት ሊሰጥ ይችላል።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አፕል በራሱ ፕሮሰሰሮች የሠራቸው ማክ ኮምፒውተሮች ጉዳይ ግን የተለየ ነው። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ቨርቹዋል ማሽን ያስነሳሉ፤ የሚናገሩት ቋንቋ ግን የኢንቴል አይደለም። አሮጌው ዊንዶውስ ደግሞ ከኢንቴል ቋንቋ ሌላ አያውቅም። ይህን የሚያስታርቅ ማስተካከያ በየትኛውም ገጽ ላይ አይገኝም። ያለው አማራጭ እያንዳንዱን ትእዛዝ የሚተረጉም ኢሙሌተር መጠቀም ነው፤ ይህም ከቨርቹዋል ማሽን በጣም ይዘገያል። ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም እንዲሁ ናቸው።

መሥሪያ ቤት በሰጠው ላፕቶፕ ላይ ባዮሱ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከሆነ የኮምፒውተር ክፍሉን ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም። ያለ ፈቃድ መሞከር ከሥራ ሊያስጠይቅ ይችላል።

አሮጌው ዊንዶውስ በመጨረሻ ሲነሳ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በሚያዝያ 2014 ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኙ ቀዳዳዎች አብዛኞቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ስለዚህ በቨርቹዋል ማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ማጥፋት ይገባል፤ ሰነድ ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ፋይሎቹን ከአሮጌው ፍሎፒ ወይም ሲዲ መጀመሪያ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ከዚያም አንድ ቅጂ ብቻ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ማስገባት ይሻላል። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ። ጽሑፉ በትክክለኛው ፊደል ከታየ በኋላ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ መልኩን ያተርፋል፤ በውስጡ ስም ወይም ቃል መፈለግ ግን አያስችልም፤ ከሥር ያሉት አሁንም የድሮዎቹ የላቲን ምልክቶች ናቸውና። የአባላት መዝገብ ከሆነና ስም መፈለግ ካስፈለገ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ያ ደግሞ በየትኛው የአማርኛ ፕሮግራም እንደተጻፈ ማወቅን ይጠይቃል። መዝገቡን በጊዜው የተየበው ሰው በሕይወት ካለ አስቀድሞ እርሱን መጠየቅ ነው።